ኮርቻ ይዞ የሚወለድ ጀርባ

የፈረስ ዕቃ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩት ኮርቻ፣ ልጓም፣ ዛብ፣ እርካብና ግላስ፣ እነዚህንም ከእንስሳው ገላ ጋር የሚያያይዙት ጠፍሮች፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ ቢኖራቸውም በአንድነት ሲታዩ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የተለያየ አካል፣ የተለያየ ፍላጎትና የተለያየ ፍርሃት ያላቸው ሁለት ሕያዋን እንዴት እንደ አንድ ሊንቀሳቀሱ ይችላሉ የሚለው ነው። ኮርቻ የተቀማጩን ክብደት በጀርባው ግራና ቀኝ ያከፋፍላል፤ እርካብ ለእግር መርገጫ ይሰጣል፤ ልጓም፣ ማለትም በእንስሳው አፍ ውስጥ የሚገባው ብረት፣ የጋላቢውን ፈቃድ ወደ እንስሳው ያደርሳል፤ ዛብ ያንን ብረት ከጋላቢው እጅ ጋር ያገናኛል፤ በላዩ የሚደረበው ጌጠኛ ልብስ፣ ግላስ፣ ደግሞ የባለቤቱን ክብር ለተመልካች ይናገራል። ሰውና ፈረስ አብረው ከኖሩበት ዘመን ርዝመት የተነሣ ጥያቄው ተመልሶ ያለቀ ስለሚመስል፣ ኮርቻውን የለመደ ዓይን ከኮርቻው በታች ያለውን ጀርባ ማየት ይተዋል።

ጥያቄው እንደ አዲስ የሚነሣው ኮርቻው ባልለመደው ጀርባ ላይ ሊጫን ሲታሰብ ነው። በገሃዱ ዓለም የሌሉ ፍጡራንን የሚያኖረው ምናባዊ ሥነ ጽሑፍ፣ ከእርሱም ጋር ሥዕሉና ፊልሙ፣ ሰውን በክንፋም ፈረስ፣ በዘንዶና በግዙፍ ንስር ላይ ሲያስቀምጥ፣ ዕቃውን የሚነድፈው ባለሙያ ኮርቻው የት እንደሚያርፍ፣ ጠፍሩ በየት እንደሚያልፍ፣ ፍጡሩ በምን እንደሚተነፍስና በምን እንደሚመራ መወሰን ግድ ይሆንበታል። ይህን ሲያደርግም ለፈረስ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ከአባቶቹ ተረክቦ የሚያልፈውን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይጋፈጣል፤ ፍጡሩ ይህን ሁሉ ፈቅዷል ወይ?

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ዘንድ ይህ ጥያቄ በሌላ መልክ ተቀምጦ ይገኛል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ደራጎኑን በጦር ሲወጋ በሚታይባቸው ብዙ የቆዩ ሥዕሎች የቅዱሱ እግር ባዶ ሲሆን፣ በትንሿ የእርካብ ቀለበት ውስጥ የገባው አውራ ጣቱ ነው፤ ይህም የአገሩ ፈረሰኞች ያለ ጫማ ሲጋልቡ የኖሩበትን እርካብ የሚመሰክር ነው። ሠዓሊው ለአንዲት የእግር ጣት ይህን ያህል ከተጠነቀቀ ለሁለቱ እንስሳት ዕጣም መጠንቀቁ አይቀርም፤ ከላይ ያለው እንስሳ ኮርቻ፣ ከታች ያለው ጦር ደርሶታል። የዛሬው ምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ያደረገው ኮርቻውን ከፈረሱ አውርዶ በደራጎኑ ላይ መጫን ነው። ለደራጎኑ ይህ ከመወጋት የተሻለ ዕድል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከመወጋት መሻሉ ግን ፍትሕ መሆኑን አያረጋግጥም።

ክንፍና ጠፍር

የሚታሰበው ፍጡር የቱንም ያህል ከገሃዱ ዓለም ቢርቅ ዕቃው የሚያርፈው በአካል ላይ ነውና፣ የአካል ሕግ የመጀመሪያው ዳኛ ነው። የፈረስ አፍ ለልጓም የተመቸው በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ ስላለው ነው፤ ብረቱ የሚያርፈው በዚያ ድድ ላይ ሲሆን፣ የሚሠራውም ድዱ፣ ምላሱና ከንፈሩ ስለሚሰማቸው ነው። ሥጋ በል አውሬ እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ቦታ ስለሌለው፣ በዘንዶ አፍ ውስጥ የፈረስ ልጓም የሚሥል ሠዓሊ በቅርጹ ብቻ ሳይሆን በአሠራሩም ይሳሳታል። ሰዎችም ቢሆኑ ልጓም ለማይመቸው እንስሳ ሌላ መንገድ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ የሰሃራ ግመል በአፍንጫው በገባ ገመድ ሲመራ፣ የእስያ የዝሆን ነጂ ደግሞ በአንገቱ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ከጆሮው ኋላ እየነካ ይመራዋል፤ እግሩ የማይበቃው ሲመስለውም ሹል ሜንጦ በእጁ ይይዛል። እነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች ሲመረመሩ የጋራ ጠባያቸው ግልጽ ነው፤ ሁሉም የሚፈልጉት እንስሳው ይበልጥ የሚሰማውን ቦታ ነው።

ሁለተኛው ችግር በደረት ላይ ይነሣል። ኮርቻ እንዳይንሸራተት በሆድና በደረት ዙሪያ የሚጠብቅ ጠፍር ያስፈልገዋል፤ በአቀበት ወደ ኋላ እንዳይሄድ የደረት ጠፍር፣ በቁልቁለት ወደ አንገት እንዳይወርድ ከጅራት ሥር የሚያልፍ ጠፍር ይጨመርለታል። ወፍ ግን እንደ ሰውና እንደ ፈረስ ሳንባን ከሥር የሚያሠራ ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ስለሌላት የምትተነፍሰው የደረቷን አጥንት ከፍና ዝቅ በማድረግ ነው፤ ዶሮ ደረቷ ተጨምቆ ከተያዘ ጉሮሮዋ ሳይነካ ታፍና ልትሞት የምትችለው ስለዚህ ነው። ክንፉን የሚመቱት ትልልቅ ጡንቻዎችም የሚነሡት ከዚያው ከደረት አጥንት ነው። እንግዲህ የወፍ ደረት ያለው ፍጡር በፈረስ ጠፍር ቢታሰር፣ ጠፍሩ በጠበቀ መጠን ትንፋሹና ክንፉ አብረው ይታሰራሉ፤ ጠፍሩ በላላ መጠን ደግሞ ጋላቢው ይወድቃል። ነዳፊው በአንድ ጠፍር ላይ የሁለት ሕያዋንን ደኅንነት ሲመዝን የሥነ ምግባር ጥያቄ በቁርበትና በመርፌ ቋንቋ እየተጠየቀ መሆኑን ይረዳል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። በፈረስ አያያዝ ዘንድ በሰፊው የሚጠቀሰው ልክ ጋላቢውና ዕቃው ተደምረው ከእንስሳው ክብደት 20 በመቶ ገደማ እንዳይበልጡ የሚል ነው፤ በዚህ ስሌት 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከነኮርቻው ከ60 ኪሎ በላይ ሊሸከም አይገባውም ማለት ነው፤ ይህም ብዙ ጎልማሶችን በእግራቸው የሚያስኬድ ልክ ነው። በምድር ላይ ከበረሩት እንስሳት ሁሉ ትልቁ እንደሆነ የሚታሰበው፣ ከዳይኖሰሮች ጋር የጠፋው ኬትዛልኮአትለስ የክንፉ ስፋት 10 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ ከ200 እስከ 250 ኪሎ ይገመታል፤ ይህም ከአንድ ትንሽ ፈረስ አይበልጥም። ስለዚህ ሰውን ተሸክሞ የሚበር ፍጡር ከመነሻው የክብደትን ሕግ የጣሰ ነው፤ ደራሲም ይህን በአስማት ሊያልፈው መብት አለው።

በአስማት የማይታለፈው ቁስሉ ነው። ጭነት ወይም ኮርቻ ጀርባውን የላጠው የጋማ ከብት በአማርኛ ገጣባ ይባላል፤ ቋንቋው ለቁስሉ ብቻ ሳይሆን ቁስሉን ተሸክሞ ለሚሄደው እንስሳ ራሱን የቻለ ስም ማውጣቱ ነገሩ ምን ያህል የዘወትር እንደነበረ ያሳያል። ጥሩ ኮርቻ ከመጥፎው የሚለየውም በዚህ ነው፤ በግራና በቀኝ ባሉት የጀርባ ጡንቻዎች ላይ ተዘርግቶ በመካከል ያለውን አከርካሪ ጨርሶ አይነካም። ባለሙያው ይህን የሚፈትነው ጋላቢው ከተቀመጠ በኋላ ከፈረሱ አንገት ሥር ባለው የጀርባ ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ወይም ሦስት ጣቱን በማስገባት ነው። ኮርቻ የሚለካው በሚነካው ቦታ ሳይሆን በሚተወው ክፍተት ነው ማለት ይቻላል።

የአሪዮስቶ ክንፋም ፈረስና የኢትዮጵያ ድንጋዮች

ለምናብ ፍጡር ዕቃ ማሰብ የዘመኑ ፊልም ፈጠራ አይደለም። ጣሊያናዊው ገጣሚ ሉዶቪኮ አሪዮስቶ እ.ኤ.አ. በ1516 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳትሞ፣ በ1532 አስፋፍቶ ባወጣው «ኦርላንዶ ፉሪዮሶ» በተሰኘ ረጅም የግጥም ሥራው ሂፖግሪፍ የተባለ ፍጡር አለ፤ አባቱ የንስር ራስና ክንፍ ያለው ግሪፊን፣ እናቱ ተራ ባዝራ ናት። ገጣሚው ጠንቋዩ አትላንቴ ካሳያቸው ነገሮች ሁሉ ሌላው የዓይን ማታለያ ሆኖ ይህ ፍጡር ግን በተፈጥሮ የተወለደ መሆኑን አጥብቆ ይናገራል፤ ጠንቋዩም ቢሆን አስማቱ የጠቀመው ፍጡሩን ከሩቅ አገር ለማምጣት እንጂ ለመግራት አልነበረም፤ ኮርቻና ልጓም ያስለመደው አንድ ወር ሙሉ ደክሞ ነው። የአንድ ወር ልፋት በአስማት በተሞላ መጽሐፍ ውስጥ መነገሩ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አስማተኛም ቢሆን የሌላን ሕያው አፍ በነጻ እንደማያገኝ ገጣሚው ያውቃል ማለት ነውና።

ሂፖግሪፉ ከተገራ በኋላም ወዲያው አይታዘዝም። ሩጂዬሮ የተባለው ፈረሰኛ ሲቀመጥበት ወዳልፈለገው አገር ይዞት ይበራል፤ መመለስና መቆም የሚችለው ሎጂስቲላ የተባለች ጥበበኛ የሚስማማ ልጓም ካዘጋጀችለት በኋላ ነው። ከዚያም ፍጡሩ አስቶልፎ በተባለ ሌላ ፈረሰኛ እጅ ይገባና የአፍሪካን ሰማይ አቋርጦ ኢትዮጵያ ይደርሳል፤ አውሮፓ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የተባለውን የአፈ ታሪክ ክርስቲያን ንጉሥ አገር በምናቧ በምትፈልግበት ዘመን አሪዮስቶ የኢትዮጵያን ንጉሥ ሴናፖ ብሎ፣ ዓይነ ስውርና ምግቡን ክንፋም አውሬዎች የሚነጥቁት አድርጎ ሥሎታል። አስቶልፎ አውሬዎቹን አባርሮ የንጉሡን ጦር ወደ ሰሜን ሊያዘምት ሲነሣ ፈረስ ያጥራል፤ ስለዚህ ጸልዮ ድንጋዮችን ከኮረብታ ቁልቁል ይለቃቸዋል፤ ድንጋዮቹም እየተንከባለሉ ሆድ፣ እግር፣ አንገትና አፍ አውጥተው ፈረስ ይሆናሉ። ገጣሚው በአንድ ቀን 80102 እግረኞች ፈረሰኛ እንደሆኑ በቁጥር ይናገርና፣ ለዚህ ፍጥነት አንድ ምክንያት ይሰጣል፤ ፈረሶቹ የተወለዱት ከነኮርቻቸውና ከነልጓማቸው ነበር።

በዚህ ቀልድ በሚመስል ዝርዝር ውስጥ የመጋለብ ሁሉ ጥልቅ ምኞት ተገልጧል። ሂፖግሪፉ አንድ ወር የፈጀው እናት የወለደችው፣ የራሱ መንገድ ያለው ፍጡር ስለሆነ ነው፤ የድንጋይ ፈረሶቹ ግን ልጅነት የላቸውም፣ ልጓም ያልገባበት አፍ ኖሯቸው አያውቅም፣ በጠፍር የታሰሩበትንም ቀን አያስታውሱም። ማንም አልገራቸውምና ማንም አልበደላቸውም። ኮርቻ ይዞ የሚወለድ ጀርባ ቢኖር ኖሮ የመጋለብ ሥነ ምግባር የሚባል ጥያቄ ባልኖረ ነበር፤ ጥያቄው የሚኖረው እንዲህ ያለ ጀርባ የሚገኘው በድንጋይ መካከል ብቻ ስለሆነ ነው።

ይኸው ምስል በፖለቲካ ታሪክ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሥራ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1685 ኤዲንብራ ላይ በሞት የተቀጣው እንግሊዛዊ ወታደር ሪቻርድ ራምቦልድ ከመሞቱ በፊት ባደረገው ንግግር፣ ማንም ሰው ኮርቻ በጀርባው ይዞ፣ ማንም ደግሞ ሊጋልበው ጫማና መውጊያ አድርጎ እንዳልተወለደ ተናገረ። አሜሪካዊው መሪ ቶማስ ጀፈርሰንም ከመሞቱ 10 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 24 ቀን 1826 እ.ኤ.አ. በጻፈው ደብዳቤ ያንኑ ምስል ለሰው ልጆች ነጻነት ማስረጃ አድርጎ አነሣው፤ እርሱ ግን በዕድሜ ዘመኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሰው ነበር። ምስሉ ኃይሉን የሚያገኘው ሰው ፈረስ አይደለም ከሚለው ነው፤ ሳይናገር የሚያልፈው ግን ፈረስም ቢሆን ኮርቻ ይዞ አለመወለዱን ነው። ያልተነገረውን የተናገረው ደራሲው ጆናታን ስዊፍት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1726 በታተመው የጉሊቨር ጉዞ መጨረሻ ክፍል፣ ጉሊቨር በአገሩ ሰዎች ፈረስን እንደሚጋልቡ ለአስተዋይ ፈረሶች ሲያስረዳ፣ ልጓሙን፣ ኮርቻውን፣ መውጊያውንና አለንጋውን አንድ በአንድ መዘርዘር ይኖርበታል፤ ዕቃው ለተጋላቢው ሲተረክ ከመሣሪያነት ወደ ክስ ይለወጣል።

እሺ ብቻ የሚል አንደበት

ምናባዊ ሥነ ጽሑፍ ለተጋላቢው እንስሳ አንደበት መስጠቱ ትልቁ ስጦታው ነው፤ ሆኖም በዚያ አንደበት አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ጋላቢው ራሱ መሆኑ ስጦታውን ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣውና ዘንዶ ስለማሰልጠን በሚተርከው ታዋቂ የአኒሜሽን ፊልም፣ ሂካፕ የተባለው ልጅ ቱዝለስ የተባለውን ዘንዶ መትቶ ከጅራቱ ክንፎች አንዱን ያሳጣዋል፤ ከዚያም ከቁርበትና ከብረት ሰው ሠራሽ የጅራት ክንፍ ሠርቶለት፣ ክንፉን በኮርቻው ላይ ካለ የእግር መርገጫ ጋር በገመድ ያያይዘዋል። እርካቡ እዚህ የእግር ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ የእንስሳው አካል ክፍል ሆኗል፤ ዘንዶው ያለ ልጁ አይበርም፣ ልጁም ያለ ዘንዶው። ጉዳትን በዕቃ የሚክስ፣ ካሣውንም በጥገኝነት የሚያስር ንድፍ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በወጣው አጭር ተከታይ ልጁ ዘንዶው ብቻውን የሚበርበት ጅራት ሠርቶ ሲሰጠው፣ ዘንዶው ሰባብሮ ወደ አሮጌው ዕቃ ይመለሳል። ትዕይንቱ ልብ ይነካል፤ ቢሆንም ነጻነቱን በገዛ ጥርሱ ሰብሮ ኮርቻውን የመረጠው ዘንዶ የተጻፈው በሰው ብዕር ስለሆነ፣ ፈቃዱ የጋላቢው ምኞት ከመሆን አያልፍም። ይህም ከአሪዮስቶ የድንጋይ ፈረሶች የረቀቀ መልክ ነው፤ እነዚያ ከነኮርቻቸው ተወለዱ፣ ይህኛው ኮርቻውን ወድዶ እንዲወለድ ተደርጓል።

ጥንታዊው ትውፊት በዚህ ረገድ ከዘመኑ ፊልም ይበልጥ ደፋር ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 የተጻፈው የበለዓም አህያ ታሪክ፣ አንደበት የተሰጠው እንስሳ ለባለቤቱ ምን እንደሚል በግልጽ ያሳያል። አህያይቱ ሰይፍ የመዘዘውን መልአክ ስላየች አንድ ጊዜ ከመንገድ ወጥታ ወደ እርሻ ገባች፣ ሁለተኛ የጌታዋን እግር ከግንብ ጋር አጣበቀች፣ ሦስተኛ ከበታቹ ተኛች፤ ሦስቱንም ጊዜ ተመታች። አፏ ሲከፈትም ምሥጢር አልገለጠችም፣ መልአኩንም አልጠቆመችም፤ ስለምን እንደመታት ጠይቃ፣ እስከዚያች ቀን ሲቀመጥባት እንዲህ አድርጋ ታውቅ እንደሆነ ጠየቀችው እንጂ። ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ በለዓም አላደረግሽም ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። የታሪኩ ክብደት ያለው አፏ ከመከፈቱ በፊት በሆነው ነገር ላይ ነው፤ አህያይቱ ሦስት ጊዜ በገላዋ ተናግራ ነበርና ተአምሩ ያስፈለገው ለተናጋሪዋ ሳይሆን ለሰሚው ነው። በእስልምና ትውፊትም አብርሃ የተባለው የአክሱም ጦር አዛዥና የየመን ገዥ ወደ መካ በዘመተ ጊዜ ማሕሙድ የተባለው ዝሆኑ ወደ ከተማይቱ ሲያዞሩት እንደተንበረከከ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲያዞሩት ግን ተነሥቶ እንደሄደ ይነገራል። እዚህም እንስሳው ቃል አልተናገረም፤ ሠራዊት ሁሉ ግን እምቢታውን አንብቧል።

የአገሩ ባህል በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት ልብ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ በኩል ባለ ማዕረግ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ሲባሉ፣ የራስ መኰንን ፈረስ ስም የሆነው ቃኘው ደግሞ በኮርያ ጦርነት የኢትዮጵያ ሻለቃ መጠሪያ እስከመሆን ደርሷል። በሌላ በኩል፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው ምሳሌ ድሉንም ኃላፊነቱንም ለጋላቢው ብቻ ያስረክባል። ምሳሌው እውነት ከሆነ ከተናጋሪው ያልታሰበ መዘዝ ይከተለዋል፤ የማይዋጋ ወደ ጦር ሜዳ የገባው በሌላ ፈቃድ ነውና፣ የሚደርስበት ቁስል ሁሉ ባደረሰው ሳይሆን በተደረሰበት ጉዳይ ባለቤት ላይ ይቆጠራል። ስሙን ለጌታው አበድሮ ጦሩን በደረቱ የሚቀበል እንስሳ ከክብሩ የሚደርሰው ድርሻ ግላሱ ብቻ ነው።

እንስሳት ውል ሊዋዋሉ አይችሉም የሚለው ክርክር እውነት ቢሆንም ጉዳዩን አይዘጋም፤ ውል የማይችል እምቢ ማለት ይችላልና። በኖርዌይ ተመራማሪዎች 23 ፈረሶችን ሦስት ምልክቶች፣ ይኸውም ልብስ አልብሱኝ፣ ልብሴን አውልቁ፣ እንዳለሁ ተዉኝ የሚሉ ትርጉም የተሰጣቸውን ሰሌዳዎች፣ በአፍንጫቸው እየነኩ እንዲመርጡ አስተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ፈረሶቹ ምልክቶቹን እንደ አየሩ ቅዝቃዜና ሙቀት ለይተው መጠቀማቸውን አስታውቀዋል። ጀርባ ላይ ስለሚጫን ነገር የጀርባው ባለቤት ሊጠየቅና ሊመልስ እንደሚችል ይህ ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላም እንግሊዛዊቷ የእንስሳት ሐኪም ሱ ዳይሰንና ባልደረቦቿ በሚጋለብ ፈረስ ላይ ሕመምን የሚጠቁሙ 24 የጠባይ ምልክቶችን ዝርዝር አቅርበዋል፤ ጆሮን ወደ ኋላ መጣል፣ አፍን መክፈት፣ ጅራትን ደጋግሞ መወንጨፍ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ነገሩን ልብ የሚል ሰው አንድ የሚያሳፍር ግጥምጥሞሽ ያገኛል፤ ሰው ለመምራት ብረት ያስገባው እንስሳው ሊመልስበት በሚችለው አፍ ውስጥ ነው፤ አንዳንዶች ደግሞ አፉ እንዳይከፈት በአፍንጫው ላይ ጠፍር ያጠብቁበታል።

የጭነት ፍልሰት

ይህን ሁሉ ተቀብሎ ኮርቻን ጨርሶ መጣል ይገባል የሚል ሰው ግን ጭነቱ ወዴት እንደሚሄድ የመናገር ግዴታ አለበት። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አገሮች ግንባር ቀደም ናት፤ አህያ በሌለበት ቤት ውኃውና እህሉ የሚጓዘው በሰው ጀርባ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሴት ጀርባ ነው። ከእንጦጦ ተዳፋት የእንጨት ሸክም አዝለው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ የኖሩት ሴቶች ስለ ጠፍርና ስለ ገጣባ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ጭነት ከአንዱ ጀርባ ሲወርድ አይጠፋም፤ ወደ ሌላ ጀርባ ይፈልሳል። ስለዚህ የመሸከምና የመጋለብ ጥያቄዎች ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም፤ ለኑሮው ጭነት የሚጭንና በእግሩ መሄድ ሲችል ለደስታው የሚቀመጥ ሰው እኩል ምክንያት የላቸውም። የምናብ ጋላቢ ደግሞ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ዘንዶ የሚጋለበው ውኃ ለማምጣት አይደለምና፣ ከእርሱ የሚጠበቀው ጥንቃቄ ከሁሉ የበለጠ ይሆናል።

ለዘንዶ ኮርቻ የሚነድፍ ሰው እንግዲህ ሥራውን በሦስት ነገር ሊመዝነው ይችላል። የመጀመሪያው ትንፋሽ ነው፤ ዕቃው በጠበቀ ጊዜ ፍጡሩ ያለ ጋላቢ እንደሚተነፍሰው ሊተነፍስ ይገባል። ሁለተኛው አቅጣጫ ነው፤ ፍጡሩ ጋላቢው ያላየውን መልአክ ወይም ገደል ሲያይ ራሱን ለመመለስ የሚበቃ ልቅነት በዛቡ ላይ ሊቀርለት ይገባል፤ አህያይቱ ከመንገድ መውጣት ባትችል ኖሮ በለዓም በሰይፉ ይሞት ነበርና። ሦስተኛው መፈታት ነው፤ ዕቃ የሚታሰርበት እንጂ የሚፈታበት ቁልፍ ያልታሰበለት ከሆነ ከሰንሰለት አይለይም። በዚህ በመጨረሻው መመዘኛ አሪዮስቶ ራሱ ለሂፖግሪፉ ፍርድ ሰጥቶታል፤ አስቶልፎ ጉዞውን ሲጨርስ፣ በግጥሙ ውስጥ የሚያገኘው ወንጌላዊው ዮሐንስ ባዘዘው መሠረት፣ ኮርቻውንና ልጓሙን አውልቆ ፍጡሩን ለቆታል። ከነኮርቻቸው ስለተወለዱት ፈረሶች እንዲህ ያለ ስንብት ማሰብ ያስቸግራል፤ ኮርቻ የሌለው ጀርባ ኖሯቸው አያውቅምና።

አሪዮስቶ የኢትዮጵያን ሠራዊት በድንጋይ ፈረሶች ላይ ከማስቀመጡ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በኢትዮጵያ የተጠናቀረው ክብረ ነገሥት ስለ መጋለብ ሌላ ሕልም አልሞ ነበር። የንግሥተ ሳባ ልጅ ታቦተ ጽዮንን ይዞ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ በቅዱስ ሚካኤል መሪነት ሰረገላዎቹን የሚጎትት አልነበረም፤ ሰውም፣ ፈረስም፣ በቅሎም፣ የተጫነ ግመልም ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ይጓዝ ነበር። መጽሐፉ በዚህ ሳያበቃ አንድ ዝርዝር ይጨምራል፤ በእንስሳት ላይ የተቀመጡት ሰዎችና በእንስሳቱ ላይ የተጫነው ዕቃ ከእንስሳቱ ጀርባ አንድ ስንዝር ያህል ተነሥተው ነበር። ሁሉም ነገር በአየር ላይ ከሆነ እንስሳቱ ጨርሶ ባላስፈለጉም ነበር፤ ጸሐፊው ግን ከጉዞው አላስወጣቸውም፤ ጭነቱን ብቻ ከላያቸው አንሥቶ አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ሁለቱም ሕልሞች ከመጋለብ በደሉን ለማውጣት የታለሙ ናቸው፤ አንዱ ጀርባውን ድንጋይ አደረገው፣ ሌላው ጋላቢውን አነሣው። በምድር ላይ ያለ ኮርቻ ሠሪ ሁለቱንም ማድረግ አይችልም፤ ሥራውን ጨርሶ ጋላቢው ሲቀመጥ ግን እጁን ወደ ጀርባው ጉብታ ይሰድና፣ የስንዝር ያህሉ ቢቀር የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ተርፎ እንደሆነ ይለካል።